ምዕራፍ ስድስት፦ ጉድጓዱ ሲሞላ

አንድ ስሌት እንሥራ። ምዕራብ ጎጃም ባለችው ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ባለ ሰፈር፣ ባለቤቱ ከቤቱ ጀርባ ስድስት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይበት ግቢ አለ እንበል። በግቢው ጥግ አንድ ሽንት ቤት ቆሟል። ጉድጓዱ ክብ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ወደ 2,350 ሊትር ይይዛል። ፈሳሹ ወደ አፈር ከሰረገ በኋላ አንድ ሰው በዓመት በጉድጓዱ ውስጥ የሚተወው ዝቃጭ በባለሙያዎች ግምት ከ40 እስከ 60 ሊትር ስለሆነ፣ መካከለኛውን 50ን እንያዝ። ባለቤቱና ቤተሰቡ፣ 5 ሰዎች ብቻ ሲጠቀሙበት ዝቃጩ በዓመት 250 ሊትር ነው፤ ጉድጓዱ ከ9 ዓመት በላይ ያገለግላል። ተከራዮቹ ገብተው የግቢው ሰው 20 ሲሆን ግን ዝቃጩ በዓመት 1,000 ሊትር ይደርሳል፤ ጉድጓዱም ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ይሞላል። የሚጣልበት ጨርቅ፣ ፌስታልና የሕፃን ዳይፐር ሲታከልበት ጊዜው ከዚህም ያጥራል።

በዚያን ጊዜ ማን ይከፍላል? ባለቤቱ፣ ተከራዩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ወይስ ክልሉ? መኪናውስ የማን ነው? ጭነቱን ወስዶ የሚያራግፈውስ የት ነው? የከተማ ንጽህና መርሐ ግብራችን ዋና ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለመቆፈር ዘመቻ፣ ባለሙያና ቆጠራ ነበረን። ለመምጠጥ፣ ለማጓጓዝና ለማድረቅ የሚሆነው ገንዘብ ግን በብዙ መሥሪያ ቤቶች መካከል ወድቆ ቀርቷል።

መቆፈሩን አቅልሎ ማየት ግን በደል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መረጃ መሠረት በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ የሚጸዳዱት ሜዳ ላይ ነበር። በጎጃም ገጠር የዚህ ነገር ከባዱ ሸክም የሴቶች ነበር። ወንዱ ከማሳው ዳር ወረድ ብሎ ይመለሳል፤ ሴት ግን በቀን ብትወጣ ነውር ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ወይም እስኪመሽ ድረስ ይዛ ትውላለች። ስለዚህም በ1996 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር ትራኮማን ለመከላከል ሽንት ቤት ማስቆፈር ሲጀምር ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ለዚያ ዓመት የታቀደው 10,000 ነበር፤ የተቆፈረው ግን ከ89,000 በላይ ደረሰ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳ ሆነ። ከሥራው ጀርባ የነበረው ጉልበት የሴቶቹ ነበር፤ ጎረቤት ስትቆፍር ያየች ባሏን ፋታ አልሰጠችውም።

የዓይን በሽታና ሽንት ቤት ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖራል። ትራኮማን ከሕፃን ዓይን ወደ ሕፃን ዓይን የምታጓጉዘው ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በተለይ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ አትራባም። ስለዚህ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ተራ ሽንት ቤት እንኳ የዝንቧን መራቢያ ይነሳታል። በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ለሆነው የአማራ ክልል ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሥራውን ወደ እያንዳንዱ ቀበሌ አወረደው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ተመደቡ፤ በአገር ደረጃም ከ38,000 በላይ ሠለጠኑ። በ2002 ዓ.ም. የከተማው ፕሮግራም ተከተለ። ከባንግላዴሽ የመጣው ማኅበረሰብን የመቀስቀስ ዘዴም ታከለበት። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቀበሌውን መሬት ላይ ይሥላል፣ የሚጸዳዳበትን ቦታ በአመድ ወይም በዱቄት ያመለክታል፣ ዝንቡ ከዚያ ተነስቶ እንጀራው ላይ እንደሚያርፍ በዓይኑ ያያል፤ ከዚያም ራሱ ይወስናል። ማንም ሲሚንቶ አይሰጠውም፣ ማንም አይቆፍርለትም። ለመንግሥት ካዝና ይህ እጅግ ርካሽ መንገድ ነበር፤ ወጪውን የተሸከመው የገበሬው ጉልበትና የጓሮው ባሕር ዛፍ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ በ2007 ዓ.ም. ወደ 29 በመቶ፣ በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ወደ 17 በመቶ ወረደ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ የወረዱ አገሮች ጥቂት ናቸው። በዚያው መረጃ ላይ ግን ሌላ ቁጥር አለ። ወለሉ ጠንካራና የሚታጠብ፣ ሰውን ከዓይነ ምድር በአግባቡ የሚለይ፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የማይጋሩት ሽንት ቤት ያለው ሕዝብ በ2012 ዓ.ም. አካባቢ 9 በመቶ ብቻ ነበር። ከሜዳው ከተመለሱት አብዛኞቹ የገቡት ክረምት በመጣ ቁጥር ወደሚያሰጋ ጉድጓድ ነው።

ለምን እንደሚያሰጋ የምዕራብ ጎጃም ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ፋታ ይወርዳል። ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ የጉድጓዱ አፍ ይናዳል። ወለል የሆነውን ግንድ ምስጥ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከላይ ጭቃው ደህና መስሎ ይታያል። ልጆች መግባት የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዴ የተደረመሰበት ገበሬ ሁለተኛ ለመቆፈር መኸሩ እስኪገባ ይጠብቃል፤ እስከዚያም ቤተሰቡ ወደ ሜዳው ይመለሳል። ከሜዳ መጸዳዳት ነጻ ሆነ ተብሎ ባንዲራ የተተከለበት ቀበሌ በቆጠራው እንደ ነጻ ተመዝግቦ ይቆያል፤ ተመልሶ የሚቆጥር ካልመጣ መመለሱን ማንም አያውቅም።

ገጠሩ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ቦታ። ጉድጓዱ ሲሞላ ገበሬው አፈር ከልሶ ሌላ ይቆፍራል። ካቶሊክ የተራድኦ ድርጅት በአገራችን ያስፋፋው አርቦርሉ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ ልማድ ወደ ጥቅም የለወጠ ነው። ጉድጓዱ ከ1 ሜትር ብዙም አይጠልቅም፤ አመድና አፈር እየተነሰነሰበት ሲሞላ ይከደናል፣ በላዩም አቮካዶ ወይም ጌሾ ይተከላል። ዝቃጩን ማንም አይነካውም፤ ዛፉ ይመገበዋል።

የከተማው ግቢ ይህን ማድረግ አይችልም። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ቤት፣ የኪራይ ክፍሎችና ኩሽና ቆመው ሁለተኛ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ ይጠፋል። መምጠጫ መኪና ለሌላት፣ ወይም ያላት አንዱ ለተበላሸባት ከተማ ምርጫው ሁለት ነው፤ መኪና ከሩቅ ማስመጣት፣ አለዚያም ጉልበተኛ ቀጥሮ በሌሊት ማስወጣት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ደብረ ማርቆስ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያ እጥፍ ይርቃል። የነዳጁ ዋጋ ከምጠጣው ዋጋ ይበልጣል። በሌሊት የሚወጣው ደግሞ ወደ ቦይ ይሄዳል፤ ቦዩ ወደ ጅረት፣ ጅረቱም በመጨረሻ ወደ ዓባይ። በዝቃጩ ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ታች ያለው ሰው ጎመኑን የሚያጠጣው በዚያ ውሃ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚያወጣው ሰው ጓንት የለውም፣ ጫማ የለውም፤ ከታች ያለው አየርም ሰው ይገድላል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አለመታየታቸው ያመኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ንጽህና በአገራችን አንድ ባለቤት የለውም። የቤተሰብ ሽንት ቤትና ቅስቀሳ የጤና ሚኒስቴር ነው። ፍሳሽ የውሃ ሚኒስቴር ነው። የትምህርት ቤት መጸዳጃ የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ደረቅ ቆሻሻ የከተማ አስተዳደሩ ነው። በ2005 ዓ.ም. ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርትና ገንዘብ ሚኒስቴር የጋራ ስምምነት ፈረሙ፤ በ2006 ዓ.ም. መግቢያም ዋን ዋሽ የተባለው ብሔራዊ የውሃና የንጽህና ፕሮግራም በይፋ ተጀመረ። አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት የሚል ነበር ሐሳቡ። ለጋሾች ለየራሳቸው ፕሮጀክት ይከፍቱት የነበረውን ሒሳብ ትተው ገንዘባቸውን በአንድ የጋራ ሒሳብ አኖሩ፤ ዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የእንግሊዝ መንግሥትና ዩኒሴፍ ገቡበት። ገንዘቡ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ክልል ፋይናንስ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ወረዳና ወደ ከተማ ይወርዳል። ዓለም ባንክ ለዚህ ሥራ በ2006 ዓ.ም. 205 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 300 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ።

በትልቅነቱ የሚታይ እርምጃ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ከፈራሚዎቹ አራት ሚኒስቴሮች መካከል ከተሞችን የሚመራው የለም። የከተማ ንጽህናን አጠቃሎ የሚይዝ፣ ደረቁንም ፍሳሹንም የሚያገናኝ የተቀናጀ ስትራቴጂ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ስትራቴጂው ጥሩ ነው፤ ከመሰብሰብ እስከ ማስወገድ ያለውን ሰንሰለት በሙሉ ያያል። ገንዘቡ ግን ቀድሞ በተቀደደለት ቦይ መፍሰሱን ቀጠለ።

ለከተማ ውሃና ንጽህና የመጣው ትልቁ ብድር በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው 445 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተያዘው ለአዲስ አበባና ለ22 ሁለተኛ ደረጃ ከተሞች ነው፤ በአማካይ ለአንድ ከተማ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ። አዲስ አበባ ብዙውን እንደምትወስድ ቢታወቅም መጠኑን ለማየት ይረዳል። ለሌሎቹ ከተሞች የተከፈተው ሌላ በር በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ነው፤ 600 ሚሊዮን ዶላር ለ117 ከተሞች፣ በአማካይ ወደ 5 ሚሊዮን፤ ያውም ለመንገድ፣ ለፍሳሽ ቦይ፣ ለቄራ፣ ለገበያና ለቆሻሻ በአንድነት። ከተማዋ በየዓመቱ ተመዝና በውጤቷ መጠን ታገኝ ነበር፤ ምን እንደምትሠራበትም ራሷ ትመርጥ ነበር። በዚህና በቀደሙት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ትልቁን ድርሻ የወሰደው መንገድ ነው። ኮብልስቶን ይታያል፣ ወጣት ያሠራል፣ ነዋሪውም ይጠይቀዋል። የዝቃጭ ማድረቂያ አልጋ ይሠራልን ብሎ ሰልፍ የወጣ ሕዝብ የለም። ከንቲባዎቹን በዚህ አልወቅስም፤ ምዘናው ራሱ ባዶ የተደረገ ጉድጓድን ቢቆጥር ምርጫቸው ይለወጥ ነበር ብዬ ግን አስባለሁ።

ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ ከሆነ ጥያቄው፣ የአማራ ክልል ለዓለም የሚያስተምረው ልምድ አለው። የፊንላንድ መንግሥት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ገጠር የውሃ ሥራ ሲደግፍ ቆይቶ በ1995 ዓ.ም. አሠራሩን ለወጠ። እስከዚያ ገንዘቡ በመሥሪያ ቤት በኩል ያልፍ ስለነበር ግዥው ዘግይቶ በጀቱ ሳይሠራበት ዓመቱ ያልቅ ነበር። አዲሱ መንገድ የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ተባለ። ምንጭ የሚያስጎለብት መንደር የውሃ ኮሚቴውን ይመርጣል፣ ድርሻውን ያዋጣል፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የፕሮጀክቱ ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአብቁተ በኩል በኮሚቴው ስም ይወጣል። ሲሚንቶውን የሚገዛው ኮሚቴው ነው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው፤ ሒሳቡን ለመንደሩ ያነባል። አንብበው የማያውቁ ገበሬዎች ገንዘብ ይዘው ይጠፋሉ የሚል ስጋት ነበር፤ የሆነው ግን ሥራው መፍጠኑ ነው። ዘዴው በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት ተብሎ የብሔራዊው ፕሮግራም አንድ የአፈጻጸም መንገድ ሆነ፤ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት በኩልም ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ።

ይህ እምነት ወደ ከተማው ግቢ ያልገባው ለምንድን ነው? ፍኖተ ሰላምም ጎረቤቷ ቡሬም እድር አላቸው፤ እድሩ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደንብ አለው፣ ቅጣት አለው፣ ሰው ያምነዋል። ከላይ ወዳየነው ግቢ እንመለስ። ጉድጓዱ በ28 ወር ይሞላል፤ በግቢው 7 አባወራና ተከራይ አለ። የአንድ ምጠጣ ዋጋ በ28 ወርና በ7 በር ሲካፈል ወደ 200 ቦታ ይበተናል። በአንድ ቀን ሲጠየቅ የቤት ኪራይ የሚያህለው ገንዘብ፣ በየወሩ ሲዋጣ ከእድር መዋጮ ያነሰ ይሆናል። አዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ ክፍያን ከውሃ ቢል ጋር እንደምትሰበስብ ሁሉ፣ ይህም ከቢል ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ቆጣሪ ለሌለው ግን እድሩ ይቀርበዋል።

ደረቁ ቆሻሻ በተሻለ ይታያል፤ ስለዚህም የተሻለ ይሠራበታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ኃላፊነቱን ለከተሞች ሰጥቶ ነዋሪው ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ አዘዘ። ባሕር ዳር ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ማሰባሰቡን ድሪም ላይት ለተባለ የግል ድርጅት ሰጠች። በትንንሾቹ ከተሞች ጋሪ የሚገፉ ወጣቶች ማኅበር ተደራጀ። ለስሌት ያህል 40,000 ሰው ያለባት ከተማ በሰው በቀን ሩብ ኪሎ ብትጥል በቀን 10 ቶን ይሆናል። ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጫት ገረባ።

የጎጃምን አፈር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት አይችልም። የምዕራብ ጎጃም መሬት በአሲድ ተጠቅቷል። አገራችን ማዳበሪያዋን ከውጭ ታስገባለች፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። በዚያው ወቅት የከተሞቹ ብስባሽ ከፌስታልና ከባትሪ ጋር ተደባልቆ ገደል ይጣል ነበር። ባሕር ዳርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች የተሞከረ በዓለም የአካባቢ ፋሲሊቲ የተደገፈ የኮምፖስት ፕሮጀክት ነበር። ዋናው ትምህርት ቀላል ነው፤ ቆሻሻው ከቤት ተለይቶ ካልወጣ ኮምፖስቱን ገበሬ አይገዛውም፤ ብርጭቆ የበዛበትን አፈር በባዶ እግሩ የሚያርስ የለም። ስስ ፌስታልን በ1999 ዓ.ም. የከለከለው ሕግ ሳይሠራ ቀርቶ በ2017 ዓ.ም. ጠበቅ ያለ አዋጅ ወጥቷል፤ ፌስታል ይዞ የተገኘም ይቀጣል።

ቡሬ ላይ ጉዳዩ ይጠብቃል። ለተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ250 ሄክታር በላይ መሬት ተይዟል፤ ፌቤላ የዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። የፓርክ አጥር ውስጥ ያለው ፍሳሽ በፓርኩ ዲዛይን ይያዛል። ሠራተኛው ግን ማታ የሚያድረው በአንድ በርበሬ ነጋዴ ግቢ፣ ከላይ ባሰላነው ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው። ለፋብሪካ መሬትና መብራት ሲታሰብ ለሠራተኛው ሽንት ቤት አብሮ ካልታሰበ፣ ዕድገቱ ራሱ ጉድጓዶቹን ይሞላል።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አካባቢው ውጊያ ውስጥ ነው፤ በዚያው ወር ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች ሞተዋል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኪና፣ ክሎሪንና ሲሚንቶ ይቆማሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት መሄድ ያሰጋታል። በዚያው 2015 ዓ.ም. ኮሌራ ወደ ክልሉ ገብቶ በምዕራብ ጎንደር በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ሥፍራ የተሰበሰቡ ምእመናንን አጥቅቷል። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረውና በአውሮፓውያን 2024 ሜዳ ላይ መጸዳዳትን ለማስቀረት ያለመው ብሔራዊ ዘመቻም ቀነ ገደቡ በዚህ መካከል አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ተዘጋ፤ እንግሊዝም ዕርዳታዋን እንደምትቀንስ አስታወቀች። ከአገር ውስጥ የተነሳው ትልቁ ጥሪ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና፣ ኑሮ በጤና» በሚል የተጀመረው መዋጮ ነው፤ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ግንባታ። ሕዝብ ከኪሱ መስጠቱ የሚያኮራ ነው። የተገነባውን የሚጠርገውና የሚመጠው ሰው ደመወዝ ግን ከዓመታዊ በጀት እንጂ ከመዋጮ አይወጣም።

ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ የሚያስፈልገው የሚያስደነግጥ አይደለም። ሁለት ከተሞች በጋራ የሚይዙት አንድ መምጠጫ መኪና፣ ለነዳጅና ለመለዋወጫ የተለየ የበጀት መስመር፣ ለሠራተኞቹ ልብስና ክትባት፣ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት ማድረቂያ አልጋ። ፀሐዩ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሥራውን ይሠራል፤ ክረምቱን የሚያሳልፍ ማቆያ ጉድጓድ ከጎኑ ይቆፈራል። አስቸጋሪው ቦታው ነው። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ድጋፍ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ከፈተች፤ ከወራት በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ነባሩ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በጃቢ ጠህናን፣ ወይም በቡሬ ዙሪያ ባለ ቀበሌ አልጋው የሚነጠፍበት ማሳ ያላቸው ገበሬዎች መጀመሪያ ይጠሩ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ፣ ምንጩ የት እንዳለ፣ ክረምት ውሃው በየት እንደሚወርድ ከማንም መሐንዲስ በፊት እነሱ ያውቃሉ። ካሳው መኪናው ሳይመጣ ይከፈል፤ የሚወጣው ኮምፖስትም መጀመሪያ ለእነሱ ማሳ ይሰጥ።